የዘማቹ ስም በየትኛው «ኃ» ተጻፈ?

በጦር ሙዚየም ምረቃ ላይ ከሚበላሹት ነገሮች ሁሉ ለማስተካከል ርካሹ፣ ሲበላሽ ደግሞ አሳፋሪው የተሸላሚ ዘማቾች የስም ጥሪ ነው። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ማርሽ ባንዱ መጥቷል፣ ሪባኑ ተቆርጧል። መድረክ መሪው ወረቀቱን አንሥቶ አንድ ሻምበል ባሻ ሲጠራ ሁለት ሽማግሌዎች ከተለያየ ረድፍ ከዘራቸውን ተደግፈው ይነሣሉ። ወይም ማንም ሳይነሣ ይቀርና ከኋላ አንዲት ሴት «አባባ እኮ ካረፉ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው» ትላለች። በዚያች ደቂቃ ለእብነ በረዱ የወጣው ገንዘብ ምንም አይረዳም።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ፒያሳ ላይ ተመርቋል። አዲስ አበባን የከበበው ዳርቻም ግን የራሱ የሙዚየም ጥያቄ አለው፤ ባዶ ቦታ አይደለምና። በምዕራብ ሆለታ አለ። በ1927 በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት እጩ መኮንኖች ከማይጨው በኋላ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ድርጅት ካቋቋሙት መካከል ናቸው። በሰሜን በሱሉልታና በእንጦጦ በኩል፣ በሐምሌ 1928 የራስ ካሣ ልጆች ጦር ጣሊያን ወደያዘው አዲስ አበባ የወረደበት አቅጣጫ አለ። ክረምቱ አስቸግሮ፣ ግንባሮቹም ሳይናበቡ ቀርተው ከተማዋ ሳትለቀቅ ቀረች፤ አቡነ ጴጥሮስ የተረሸኑትም በዚያው ሰሞን ሐምሌ 22 ቀን ነው። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ራቅ ሲባል ሰገሌ ይገኛል። ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ወገን ደግሞ ኮርያ ሰፈር፣ ስሙ ራሱ የዘመቻ ማስታወሻ የሆነ መንደር።

የኮርያው ጉዳይ ጊዜ የማይሰጥ ነው። በራስ መኮንን ፈረስ ስም የተጠራው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሣ። በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ሥር ተሰልፎ ተዋጋ። በፈረቃ የሄዱት በጠቅላላ 6,037 ናቸው፤ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ 536 ቆስለዋል፣ የተማረከ የለም። ያን ጊዜ የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ዘማች በ2018 ዕድሜው 95 ነው። ካራማራ የካቲት 26 ቀን 1970 ሲያዝ 20 ዓመቱ የነበረው እንኳ ዛሬ 68 ሞልቶታል። ስለዚህ «ሕንፃው ይለቅና ስለ ሰዎቹ እናስባለን» የሚለው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። ሕንፃ ይጠብቃል፤ የዘማቾቹ ስም መዝገብ ግን ከምረቃው ቢያንስ ስድስት ወር አስቀድሞ መጀመር አለበት።

አራት መዝገብ፣ አንድ ሰው

የተሸላሚ ዝርዝር ከአንድ ቦታ ብቻ ሲመጣ ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ የስሕተቱ ዓይነት ብቻ ይለያያል። የማኅበራት መዝገብ፣ ለምሳሌ የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር ወይም የኮርያ ዘማቾች ማኅበር የሚይዙት፣ አባል የሆነውን ያውቃል፤ መዋጮ አቁሞ ቤቱ የተቀመጠውን ይረሳል። የታተመው ምንጭ፣ ማለትም ከ1933 ጀምሮ ያለው አዲስ ዘመንና ከ1934 ጀምሮ ያለው ነጋሪት ጋዜጣ፣ ሹመትና ሽልማትን በወቅቱ ስለሚያወጣ ለማመሳከር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ገብቶ ቅጽ በቅጽ የሚያገላብጥ ሰው ይፈልጋል፤ የበታች ሹማምንትና ተራ ወታደሮችም ብዙ ጊዜ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚያልፉት። ሦስተኛው በቤት ያለው ወረቀት ነው፤ የምስክር ወረቀት፣ የጡረታ ደብተር፣ ከኋላው የተጻፈበት ፎቶግራፍ።

አራተኛው ማንም የማያስበው ነው፦ ዕድር። ማን እንደሞተ፣ ማን ከልጁ ጋር ለመኖር ሰሚት እንደሄደ፣ ማን አልጋ እንደያዘ በትክክል የሚያውቀው የዕድሩ ጸሐፊ ነው። የሌሎቹ ሦስት መዛግብት ጉድለት ሁሉ ሰውየው ዛሬ በሕይወት መኖሩን አለማወቃቸው ነው። ዝርዝሩን ይዞ ሦስት አራት የዕድር ዳኞች ዘንድ ቁጭ ማለት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ከላይ የተባለችውን ሴት ከማሳዘን ያድናል።

የደርግ ዘመን ሠራዊት ነገር ይለያል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮች ወደየቤታቸው የሄዱት ብዙዎቹ ያለ ሰነድ ነው፤ አንዳንዱም ወረቀቱን ራሱ አቃጥሎታል፣ ያኔ መያዙ ያስፈራ ነበርና። እዚህ ላይ «ማስረጃ የለህም» ብሎ መመለስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ያለ ምንም ማጣራት መመዝገብም ሌላውን መበደል ነው። የሚሠራው መንገድ የጓድ ምስክርነት ነው፦ በአንድ ክፍል ያገለገሉ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይጠየቃሉ። ጥያቄው «ተዋግቷል ወይ?» መሆን የለበትም፤ ለዚያ ሁሉም አዎ ይላል። ብርጌዱ ስንተኛ ነበር? የሻምበሉ አዛዥ ማን ይባላል? ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር? ከዚያ ቦታ ስትነሡ ዝናብ ነበር ወይስ በጋ? ሁለቱ ሰዎች በዓመተ ምሕረቱ ቢለያዩ አያስደነግጥም፤ በውኃው ጉድጓድ ከተለያዩ ግን ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ «ኃ» እንምጣ። የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ በሌለበት አገር፣ ሰውን ከሰው የሚለየው የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታና የክፍሉ ስም ነው። ሦስቱ ካልተሟሉ በአንድ ሻለቃ ውስጥ ሦስት ተስፋዬ ወልዴ ይገኛል። ከዚያ የፊደሉ ጣጣ አለ። «ኃይለ ሚካኤል» የሚለውን ስም ብቻ ብንወስድ፣ መነሻውን በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በኃ ወይም በኀ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱ ቃላት ሊገጥሙም ሊለያዩም ይችላሉ፤ መጨረሻው በኤ ወይም በዔ ይሆናል። ይህ 20 መልክ ነው፣ ለአንድ ሰው። ኮምፒዩተር ደግሞ 20ውንም የተለያየ ሰው አድርጎ ይቆጥራል።

መፍትሔው ተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ነው፤ ሁለት የስም ዓምድ ይያዝበታል። በአንደኛው ስሙ በምስክር ወረቀቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደሉ ሳይነካ ይገባል፤ በመስታወትም በድንጋይም የሚጻፈው ይኸኛው ነው። በሁለተኛው ለፍለጋ ብቻ ሲባል ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይመለሳሉ፤ በየዘርፋቸው ያሉት ፊደላትም እንዲሁ፤ ሃና ሀ፣ ኣና አ አንድ ይደረጋሉ፤ ክፍተቱም ይወጣል። ሰንጠረዡ በሁለተኛው ዓምድ ሲደረደር መንትያ ስሞች ጎን ለጎን ይወድቃሉ፤ ያኔ አንድ ሰው ይሁኑ ሁለት በአያት ስም መለየት ነው። ሌላ ዓምድ ለፈረስ ስም መተው ያስፈልጋል። ከአርበኝነት ዘመን በሚተርፍ ወረቀትም ሆነ ፉከራ ውስጥ ሰውየው «አባ እንትና» ተብሎ ብቻ ሊገኝ ይችላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ በመጠሪያ ስሙ ነው የሚያውቀው።

ማዕረግም ያጣላል። በጥሪው ላይ የመጨረሻ ማዕረጋቸው ይባላል፤ የጀብዱ መግለጫው ላይ ግን በወቅቱ የነበራቸው ይጻፋል። ሻለቃ ሆነው ጡረታ የወጡ ሰው ኒሻኑን ያገኙት የአሥር አለቃ ሳሉ ከሆነ፣ ታሪኩ የአሥር አለቃ ታሪክ ነው፤ ማዕረጉን ከፍ አድርጎ መጻፍ ማክበር ይመስላል እንጂ የሚያስደንቀውን ነገር ነው የሚያጠፋው።

የዘመን አቆጣጠሩን በቸልታ ያለፈ አስቂኝ ጽሑፍ ይለጥፋል። የቃኘው ሰዎች ከአሜሪካ ጦር ያገኙት ሽልማት ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 1952 የሚል ቀን ያየ ጸሐፊ እንዳለ ቢገለብጠው፣ ዘማቹ ተኩስ አቁሙ ከተፈረመ (ሐምሌ 1945) ሰባት ዓመት ቆይቶ ኮርያ ሲዋጋ ተገኘ ማለት ነው። ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዲሴምበር 31 ባለው ሰባት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ባለው ስምንት ይቀነሳል፤ ወሩ ካልተጻፈ ደግሞ ሁለቱንም ዓመት መተው ነው እንጂ መገመት አይገባም።

በመጨረሻ ዝርዝሩ በሦስት ይከፈላል፦ ኒሻን ወይም ሜዳይ የተሸለሙ፣ የዘመቱ፣ ያረፉ ተሸላሚዎችን ወክለው የሚመጡ ቤተሰቦች። ሦስቱን «ጀግኖቻችን» በሚል አንድ ቃል መጠቅለል ለመድረክ መሪው ይቀለዋል፤ ተሸላሚው ግን ልዩነቱን ያውቃል፣ ያልተሸለመው ዘማችም እንደዚሁ። የተለየው ዝርዝር በየዕድሩ ቤትና በወረዳው ሰሌዳ 15 ቀን ይለጠፍ፤ ከሥሩም ማረሚያ የሚቀበል አንድ ስልክ ይጻፍ። ቅሬታ ከምረቃው በፊት ቢመጣ ሥራ ነው፤ በምረቃው ዕለት ከመጣ ግን ጠብ ነው።

ከሳጥን የወጣ ኒሻን

ዝርዝሩ ሲያዝ ዕቃም ይመጣል። ሽማግሌው ከአልጋ ሥር የቢስኩት ቆርቆሮ ያወጣሉ፤ በውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ሜዳይ አለ። ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳይ ሊሆን ይችላል፦ ከነሐስ የተሠራ፣ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለው፣ ለየአገሩ በየቋንቋው ስለተቀረጸ የእኛዎቹ ዘማቾች ያገኙት በአማርኛ ፊደል የተጻፈበት። በዚህች ትንሽ ብረት ላይ የሚፈጸሙ ስሕተቶች ይታወቃሉ። የመጀመሪያው ብራሶ ነው። ለምረቃው እንዲያበራ ተብሎ ሲወለወል ለ70 ዓመት የተቀመጠው ጥቁር ቡና መልክ ይገፈፋል፤ የፊደሉ ጠርዝም ይደበዝዛል፤ ሦስት አራት ጊዜ የተወለወለ ሜዳይ ጽሑፉ በጣት እንኳ አይዳሰስም። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃዋል። ሁለተኛው ጥብጣቡን በሳሙና ማጠብ ነው፤ ቀለሙ ይለቃል። ሦስተኛው በወረቀትና በስኮች ቁጥር መለጠፍ፤ ሙጫው ከአንድ ክረምት በኋላ አይለቅም። ቁጥሩ በክር በታሰረች ካርድ ይንጠልጠል።

አራተኛው ስሕተት በቤተሰቡ ሳይሆን በሙዚየሙ የሚሠራ ነው። መስታወቱ የሚቆምበት ሣጥን በቺፑድ ወይም በኤምዲኤፍ ተሠርቶ፣ ምረቃው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ቀለም ተቀብቶ፣ ገና ኮላው እየሸተተ ዕቃው ይገባበታል። ከቺፑዱና ከቀለሙ የሚወጣው ጋዝ በተዘጋው መስታወት ውስጥ ታፍኖ ነሐሱን ይጎዳል፤ የእርሳስ ጥይት ካለ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል። ቀለሙ ተቀብቶ ቢያንስ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሣጥኑ ክፍት ሆኖ መናፈስ አለበት። አናጺው ዘግይቶ ከሆነ ሣጥኑን ባዶውን አስመርቆ ፎቶግራፍ መስቀል ይሻላል። ባዶ ሣጥን ቅር ያሰኛል፤ የተበላ ብረት ግን አይመለስም።

ብርሃንም እንዲሁ ነው። ጥብጣብ፣ የደንብ ልብስና ወረቀት ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) በላይ መቀበል የለባቸውም። የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ዳርቻዋ እንጦጦ ወገን ከዚያም ይበልጣል፤ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ቀለም የሚያነጣው ጨረር ይበረታል። ስለዚህ ዘመናዊ መስሎ እንዲታይ ትልልቅ መስኮት የተሠራለት አዳራሽ ለሰው ጥሩ ነው፣ ለሰማያዊ ጥብጣብ ግን ገዳዩ ነው። እርጥበቱ ደግሞ በክረምት ይመጣል። ብረት ከ40 በመቶ በታች ይወዳል፤ ጨርቅና ወረቀት ከ45 እስከ 55 በመቶ። ጠመንጃና ካፖርት በአንድ መስታወት ውስጥ ማስገባት እንግዲህ አንዱን ለሌላው መሠዋት ነው። በብረቱ ሣጥን እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ይቀመጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ እያወጡ በምድጃ ማድረቅ የአንድ ሰው ቋሚ ሥራ መሆን አለበት። በዳርቻው መብራት በየቀኑ ሊጠፋ ስለሚችል በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሠራ እርጥበት መጣጭ ማሽን ላይ መተማመን አይገባም።

የጎፈርና የለምድ ነገር ከተነሣ፣ ሱፍና ጠጉር ያለው ዕቃ ሁሉ ብል ይዞ ይመጣል። በላስቲክ በደንብ ታሽጎ፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚደርስ ዲፕ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ይቀመጣል፤ ሲወጣም ላስቲኩ ሳይከፈት አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል፤ አለዚያ ጤዛው ዕቃው ላይ ይወርዳል። ፎቶግራፍ ያመጣ ሰው «ላሚኔት አድርጌዋለሁ» ብሎ በኩራት ከሰጠ ምንም ማድረግ አይቻልም፤ ሙቀቱና ፕላስቲኩ አንዴ ከያዙት አይለያዩም። ለዚህ ነው ማስታወቂያው ላይ «አትወልውሉ፣ አትጠቡ፣ ላሚኔት አታድርጉ» የሚል መስመር ከሁሉ ቀድሞ መግባት ያለበት።

መሣሪያ ሌላ ጉዳይ ነው። ውጅግራም ሆነ ስናድር፣ አያት የተወው ቢሆንም፣ መሣሪያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚታይ ስለሆነ ባለቤቱ ትከሻው ላይ ሰቅሎ ወደ ምረቃው ሊመጣ አይገባም። አስቀድሞ ከፖሊስ ጋር ተነጋግሮ፣ ጎራሽ አለመሆኑ ተረጋግጦ፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወጥቶ ለብቻው ተመዝግቦ ይቀመጣል። በርሜሉን ግን መቁረጥም መበየድም አይገባም፤ ያን ያደረገ ቅርሱን አጥፍቶታል። አንዳንድ ሰው «የአባቴ ማስታወሻ» ብሎ የእጅ ቦምብ ወይም ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት በፌስታል ይዞ ይመጣል። የሚደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አለመቀበል፣ አለማስቀመጥ፣ ግቢውን ለቆ ለፖሊስ መደወል። የዛገ ፈንጂ ከአዲሱ ይብሳል።

ዕቃው ሲገባ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ስጦታ ነው ወይስ ውሰት የሚለው ሳይለይ የተቀበሉት ኒሻን ከአምስት ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ሽማግሌው ካረፉ ከወራሾቹ አንዱ ብቻ ፈርሞ ቢሰጥ ሌሎቹ ይከራከራሉ፤ ውክልና ይጠየቅ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርሱ እንዲመዘገብም የቅርስ ባለሥልጣኑ መጠራት አለበት። ሳይመዘገብ የጠፋ ኒሻን ቸርችል ጎዳና በአሮጌ ሳንቲምና በመስቀል መካከል ተደርድሮ ቢታይ «የእኛ ነው» ብሎ ማስመለሻ የለም።

ለዚህም ነው ቅጂ ማሠራት የሚጠቅመው። ዋናው በመስታወት ይቀመጥ፤ ባለ ኒሻኑ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት በጥሩ የተሠራ ቅጂ ይሰጣቸው፤ ከጀርባው ግን «ቅጂ» የሚል ቃል ይቀረጽበት። መያዣው መርፌ ቁልፍ ይሁን እንጂ ማግኔት አይሁን፤ ልባቸው ላይ መሣሪያ የተገጠመላቸው ሰዎች አሉ፣ ማግኔት ያንን ያውካል።

ዕለቱ

የምረቃው ቀን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የካቲት 23 ወይም ሚያዝያ 27 ነው። የካቲት 23 በአብዛኛው ዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል፤ በ2018 ደግሞ ረመዳንም ተደርቦ ነበር። ለግብዣ የሚታረደው በሬ ለማን እንደሆነ ከዚያ በፊት ማሰብ ነው። ሚያዝያ 27 ብዙውን ጊዜ በበዓለ ሃምሳ ስለሚውል ለምግቡ ይቀላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 3 ላይ ተብሎ ይጻፍና የክብር እንግዳው 4 ተኩል ይመጣሉ። ወጣት ይህን ይችለዋል። የ80 እና የ90 ዓመት ሰው ግን ከቤቱ 12 ሰዓት ተነሥቷል፤ ስኳር ካለበት መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ አልቀመሰም። ስለዚህ ዘማቾቹ ሲደርሱ መጀመሪያ ቁርስ ይቅረብላቸው፤ የጾምም የፍስክም። ወንበሩ እጀታ ያለው ይሁን፤ እጀታ የሌለው የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ለመነሣት የሚይዘው የለም፣ ይወድቃል። ድንኳን የዕድር ይበቃል፤ ጀርባው ለምሥራቅ ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ ዓይን እንዳይወጋ። ሽንት ቤቱ ከ50 ሜትር አይራቅ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ መቀመጫ ያለው ይሁን። ጉልበት የሌለው ሰው ቁጢጥ ማለት አይችልምና ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ይውላል፤ 5 ሰዓት ላይ ራሱን ስቶ የሚወድቀውም በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

መኪናው ሌላ ወጥመድ ነው። ለባለሥልጣናት ተብሎ አስፋልቱ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ይዘጋል፤ ዘማቾቹን የጫነችው ሚኒባስ ከገመዱ ውጭ ትቀራለች። ለእያንዳንዷ መኪና መለያ ወረቀት በዋዜማው መታደል አለበት፤ የሹፌሩ ስልክም ለትራፊክ አስተባባሪው። እያንዳንዱ ዘማች አንድ ደጋፊ ይዞ ይምጣ። 60 ዘማች ማለት 120 መቀመጫ ነው።

ከዚያ ሒሳቡ። ለአንድ ሰው ስም መጥራት፣ መድረክ መውጣት፣ ኒሻን ማድረግ፣ ፎቶ፣ መመለስ፤ ጤነኛ እግር ላለው አንድ ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፣ በከዘራ ለሚሄድ ሁለት ተኩል። 60 ሰው በሁለት ተኩል 150 ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል! መድረክ መሪው 20ኛው ላይ ሲደርስ «ጊዜ ስለሌለን» ብሎ መሮጥ ይጀምራል፤ የቀሩት 40ዎቹ በጥድፊያ ይሸለማሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዘማቾቹ ከወንበራቸው አይነሡ፤ ሹሙ ወርደው በየረድፉ ይሂዱ። ለአንድ ሰው 25 ሰከንድ ይበቃል፤ 60ው በ25 ደቂቃ ያልቃል። ታላቅን ቆሞ ማክበር የአገሩም ወግ ነው፤ ሽማግሌን ደረጃ አስወጥቶ ለወጣት ሹም እጅ እንዲነሣ ማድረግ ነው እንግዳው። የጀብዱ መግለጫው በወረቀት ይታደል። የምስክር ወረቀቱም በመስታወትና በወርቃማ ፍሬም አይሁን፤ ከብዶ ከእጃቸው ይወድቃል፣ ይሰበራል። በካርቶን አቃፊ ያለ ኤ4 ይበቃል።

መድፍ የሚተኮስ ከሆነ 21 ጊዜ ነው። ይህን ግን በዳርቻ ሠፈር፣ በአንድ በኩል ጤና ጣቢያ በሌላ በኩል የገበሬ ከብት ባለበት፣ ያውም በዚህ ዘመን ያለ ማስጠንቀቂያ ማድረግ ሰውን ከቤት አስወጥቶ ማስሮጥ ነው። ከሁለት ቀን በፊት በዕድር ጥሩምባ፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ይነገር። የፊት ረድፍ ላይ ያሉት ራሳቸው መድፍ የሚያስታውሳቸው ብዙ ነገር እንዳለም አይረሳ፤ ሳይነገራቸው ከኋላቸው የሚጮህ ድምፅ ክብር አይደለም። ነጋሪትና እምቢልታ ቢሆን ያምራል፤ ለሁሉም ይሻላል። ሞንታርቦውም ከዘማቾቹ ጆሮ አጠገብ መተከል የለበትም፤ መድፈኛ የነበሩት በግማሽ ጆሮ ነው የሚሰሙት፣ ጩኸት ሲበዛ ቃል መለየት ያቅታቸዋል።

ባንዲራ በዋዜማው ይነገርበት። በ1940ዎቹ የዘመተ ሰው የሚያውቀው ሰንደቅ የዘመኑን ነው፤ አዋጅ ቁጥር 654/2001 ደግሞ ዓርማው ያለበትን ይጠይቃል። በበር ላይ ያለ ወጣት ጥበቃ ከሽማግሌ እጅ ሲነጥቅ የሚነሣው ፎቶ የዕለቱ ዜና እሱ ብቻ ይሆናል። በመስታወት ውስጥ፣ ዘመኑ ተጽፎበት የተቀመጠ አሮጌ ሰንደቅ ቅርስ ነው፤ በእጅ የሚውለበለበው ሌላ ጉዳይ ነው። ልዩነቱን ለዘማቹም ለጥበቃውም ቀድሞ ማስረዳት ያስፈልጋል።

ለፉከራ ደግሞ ጊዜ ይተው፤ እውነተኛ ጊዜ እንጂ ከንግግር የተረፈ አይሁን። ፎካሪው «ዘራፍ!» ብሎ ሲነሣ የሚጠራው የጌታውን ስም፣ የፈረሱን ስም፣ የዋለበትን ቦታ ነው። ያ የታሪክ ምስክርነት ነው። በአንድ ስልክ ከአጠገባቸው ይቀረጽ፤ ጥሪ እንዳይገባ ተደርጎ፤ ፈቃዳቸውም በፊርማ ተይዞ።

የማን ጦርነት?

የመግለጫው ጽሑፍ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን፤ ሱሉልታም ሆለታም ላይ ከሁለቱ አንዱን መተው ግማሹን ጎብኚ ከበር መመለስ ነው። ለአንድ ዕቃ ከ70 ቃል አይብለጥ፤ ፊደሉም ያለ መነጽር ይነበብ።

ይዘቱ ላይ ግን የሚከብድ ነገር አለ። ዓድዋና ማይጨው ላይ ጠላት ውጭ ነው። ሰገሌ ላይ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909፣ የንጉሥ ሚካኤልም የራስ ተፈሪም ጦር ልጆች የእኛው ናቸው። ከ2013 እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ያለው ደግሞ ገና ቁስል ነው፤ በሁለቱም ወገን ልጇን ያጣች እናት በአንድ ታክሲ ትሳፈራለች። ለውጭ ጦርነት የሚስማማው «ደመሰሰ» የሚለው ቃል ለእርስ በርስ ጦርነት አይሆንም። እዚያ ላይ የሚጻፈው ቀን፣ ቦታ፣ የክፍሉ ስም፣ የሟች ቁጥር ከታወቀ ቁጥሩ፣ ካልታወቀ ምንም። ቅጽል አያስፈልግም። ሜዳይ ያገኘው ወታደር ስሙ ይጻፍ፤ ያደረገውም ይጻፍ፤ ወታደሩ ባዘዙት ቦታ የሄደ ሰው ነውና።

መሬቱም መጠየቁ አይቀርም። በዳርቻው ሙዚየም የሚሠራበት ቦታ ትናንት ጤፍ ይዘራበት ነበር። ካሣውን ያልጨረሰ ገበሬ በአጥሩ ማዶ ቆሞ የሚያየው ምረቃ ጎረቤት የሌለው ቤት ነው የሚሆነው። ጥበቃውን፣ አትክልተኛውን፣ ቡና አፍዪዋን ከዚያው መቅጠር ትንሹ ነገር ነው።

ምረቃው አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል ከመውጫው በር አጠገብ አንድ ጠረጴዛና አንድ ባለ መስመር ደብተር ይቀመጥ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ «ስሕተት ካዩ እዚህ ይጻፉ» ይበል፤ ቀን፣ የጻፊው ስልክ፣ የትኛው መስታወት። በየወሩ አንድ ሰው እያነበበ ሰንጠረዡን ያርማል፤ «የአባቴ አያት ስም ተሳስቷል፣ በሐመሩ ሐ ነው» የሚል ይመጣል፣ ተስተካክሎም ይነገራቸዋል። እርሳስ ይሁን፤ በክር ይታሰር፣ እስክሪብቶ ከሆነ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠፋል።